ከፎቶግራፍ ሲሠራ የሚሳካው፣ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከፎቶግራፍ እያየሁ በከሰል እርሳስ የሰው ፊት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ያዩልኝ ሰዎችም ቁርጥ ሰውየውን ነው ይሉኛል። በቅርቡ ግን ሞዴል እየተቀመጠላቸው የሚሠሩ ሰዎችን ተቀላቀልኩና እጄ ከዳኝ። ከዓይን ጀምሬ አፍንጫ ላይ ስደርስ ሞዴሉ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አገኘዋለሁ። እሱን ሳርም ወረቀቱ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ፊቱ የሌላ ሰው ይሆናል። ምን ዓይነት ልምምድ ላድርግ? ያልጨረስኩትን በስልክ ፎቶ አንስቼ ቤቴ ብጨርሰውስ ጥፋት አለው?

ምላሽ፦ እጅዎ አልከዳዎትም። ከፎቶግራፍ ሲሠሩ የሥራው ግማሽ አስቀድሞ ተሠርቶ ነው የሚቀርብልዎት። ካሜራው ክቡን ፊት ጠፍጣፋ አድርጎታል፤ ከጥላው ውስጥ የትኛው እንዲታይ፣ የትኛው ጠቁሮ እንዲዋጥ ወስኗል፤ ሰውየውንም በአንዲት ቅጽበት ላይ አስሮታል። ለእርስዎ የቀረው መገልበጥ ነው። መገልበጥ ራሱን የቻለ ችሎታ ስለሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ሕያው ሰው ፊትዎ ሲቀመጥ እነዚያን ውሳኔዎች ሁሉ እርስዎ፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ፣ መወሰን ይኖርብዎታል። ዓመታት የለፉበት ዓይንዎ ይህን እንዲያደርግ ተጠይቆ አያውቅም።

ከጥያቄዎ ውስጥ ዋናውን ፍንጭ የሰጠኝ ፊቱ የሌላ ሰው መሆኑ አይደለም፤ ያ በሁሉም ሠዓሊ ላይ የሚደርስ ነው። ፍንጩ “ከዓይን ጀምሬ” የሚለው ነው። ገና ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ዓይን ከነሽፋሽፍቱ ሲያልቅ የጭንቅላቱ መጠን፣ ዝንባሌውና ቦታው ሁሉ ሳይመከርበት ተወሰነ ማለት ነው። ዓይኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢጣመም የሚቀጥለው አፍንጫ ከእሱ ጋር ለመስማማት መጣመም አለበት፤ አፉም አፍንጫውን ይከተላል። ስህተቱ በታወቀ ጊዜ ደግሞ ያን የተለፋበትን ዓይን ለማጥፋት ማንም አይጨክንም። ያማረውን ዓይን ለማዳን ሲባል ፊቱ በሙሉ ይሠዋል።

መልክ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚያውቁትን ሰው ከሩቅ መንገድ ላይ የሚለዩት ዓይኑን አይተው አይደለም። የአንገቱ አያያዝ፣ የግንባሩና የአገጩ ርቀት፣ ፀጉሩ ከጆሮ ግንዱ ላይ የሚጀምርበት ቦታ፣ ጥላው ፊቱ ላይ የሚያርፍበት ቅርጽ ቀድመው ነግረውዎታል። ንድፍም በዚሁ ቅደም ተከተል መሄድ አለበት።

ወደ ልምምዱ ከመግባታችን በፊት አቀማመጥዎን እንመልከት። ሰሌዳውን ጉልበትዎ ላይ አጋድመው የሚሠሩ ከሆነ የወረቀቱ የላይኛው ክፍል ከዓይንዎ ይርቃል፤ ሳያውቁትም ያንን ለማካካስ ፊቱን ያስረዝሙታል። ሰሌዳውን ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ሰሌዳው በማቆሚያ ላይ ቀጥ ብሎ ፊትዎን ይመልከት፤ የሚረግፈው የከሰል ብናኝም ሥራው ላይ ሳይተኛ ወደ ታች ይወርዳል። ከሞዴሉ ሁለት ሜትር ገደማ ይራቁ። ከአንድ ሜትር በታች ከተጠጉ አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹም ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ወረቀቱና ሞዴሉ ጎን ለጎን እንዲታዩ አድርገው ያቁሙት፤ አንገትዎን ሳያዞሩ ዓይንዎን ብቻ ወዲያና ወዲህ ካንቀሳቀሱ በመሃል የሚረሱት ነገር ትንሽ ይሆናል። በቀኝ እጅዎ የሚሠሩ ከሆነ ሞዴሉ በሰሌዳው ግራ በኩል ይታይዎት፤ አለበለዚያ የገዛ ክንድዎ ይጋርድዎታል።

መብራቱ አንድ ይሁን፤ ከሞዴሉ ከፍ ብሎ ከጎን በኩል፣ በ45 ዲግሪ ገደማ አዘቅዝቆ ይምጣ። በጣሪያ ላይ የተደረደሩ መብራቶች ከየአቅጣጫው ሲያበሩ ጥላውን እርስ በርስ ይሰርዙታል፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ከሰል የሚይዘው ነገር የለውም። አብረውዎት የሚሠሩትን ያስፈቅዱና ያጥፏቸው። በመስኮት ብርሃን የሚሠሩ ከሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበትን ይምረጡ፤ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ርቀው የሚኖሩ ሠዓልያን ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት የሚፈልጉት፣ በደቡብ ያሉት ደግሞ ተቃራኒውን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ለጀማሪ የሚመቸው ቦታ የፊቱ አንድ ሦስተኛ ያህል በጥላ ውስጥ ሆኖ የሚታይበት ነው። ቦታ ለመምረጥ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የሞዴሉን ማጅራት ነው።

አሁን ስለ ከሰሉ። ወረቀቱ የሚጠቁርብዎት በእጅዎ ድክመት ብቻ አይደለም። የከሰል እርሳስ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የተጨመቀ ከሰል ነው፤ ማለትም የከሰል ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ የተሠራ ነው። ጥቁረቱ የጠለቀ ነው፤ የወረቀቱ ሸካራ ገጽ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እርማት ባደረጉ ቁጥር የቀድሞው መስመር ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ በአምስተኛው እርማት ላይ ፊቱ ጭቃ ነው። ይልቅ ከአኻያ ወይም ከወይን ሐረግ የሚሠራውን ልል ከሰል ይያዙ። ይህኛው እንጨቱ አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ታፍኖ ሲከስል የሚገኝ ነው፤ ማጣበቂያ ስለሌለበት ወረቀቱ ላይ ያርፋል እንጂ አይነክሰውም፤ በጨርቅ ቢመቱት ብን ብሎ ይጠፋል። በኅዳሴ ዘመን የነበሩ የጣሊያን ሠዓልያን ለመነሻ ንድፍ ይጠቀሙበት የነበረው ለዚሁ ነው፤ ያልወደዱትን መስመር በላባ ይጠርጉት ነበር። የከሰል እርሳሱን ቦርሳዎ ውስጥ ይተዉት። ሹል ጫፍ የያዘ እጅ ሽፋሽፍት መፈለጉ አይቀርም።

ልሉን ከሰል ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር አድርገው ይስበሩትና በጎኑ ይያዙት። ወረቀቱ ጥቂት ሸካራ ይሁን፤ ለኅትመት የሚውለው ለስላሳ ወረቀት ከሰል አይዝም። ለአጫጭር ልምምድ ርካሹ የጋዜጣ ወረቀት በቂ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ቢጫ ስለሚሆን የሚቀመጥ ሥራ አይሥሩበት። ከላይኛው ወረቀት ሥር ሌሎች ሦስት አራት ወረቀቶች ያንጥፉ፤ ከሰሉ በጠንካራው ሰሌዳ ላይ ሲሄድ የእንጨቱን ቅርጽ ሁሉ ይዞ ይወጣል። ጭንቅላቱን ከእውነተኛው መጠን ትንሽ አሳንሰው ይሥሩ፤ ከአናት እስከ አገጭ 18 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከእውነተኛው ሰው የሚበልጥ ፊት ወረቀት ላይ ሲታይ ያስፈራል።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች እንዲህ ይሂዱ። ሞዴሉ ሲቀመጥ ከሰሉን አያንሱ። የሰው አካል ከተቀመጠ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሰክናል፤ ትከሻው ይወርዳል፣ አንገቱ ትንሽ ይሰበራል። ቸኩለው የጀመሩት የሚያርሙት ያንን ነው። በዚህ ጊዜ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው፣ በሽፋሽፍትዎ መካከል ይመልከቱት። ዝርዝሩ ይጠፋና ሁለት ነገር ብቻ ይቀራል፤ ብርሃን ያገኘውና ያላገኘው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የአናቱንና የአገጩን ቦታ በሁለት ቀጫጭን ጭረቶች ይወስኑ። እነዚህ ጭረቶች እስከ መጨረሻው አይነቃነቁም። በመካከላቸው የፊቱን ዝንባሌ የምታሳይ አንዲት መስመር ከግንባሩ መሃል ወደ አገጩ መሃል ያውርዱ። ቅንድቦቹን አቋርጣ የምታልፍ ሌላ መስመር ታክላለች። የተጋነነ ዝንባሌ ቢሠሩ ይሻላል፤ እጃችን ሳናዘው ሁሉንም ነገር ወደ ቀጥ ያለው ይስበዋል።

ቀጥሎ ጥላው ይመጣል፤ ልብ ይበሉ፣ ጥላዎቹ አላልኩም። ብርሃኑ ከግራ ከመጣ በቀኙ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጨለማ ከአፍንጫው ጎን ጋር ይገናኛል፤ ከአፍንጫው ሥር ወርዶ ከላይኛው ከንፈር ጋር ይቀላቀላል፤ በጉንጭ አጥንቱ ዙሪያ ዞሮ ወደ መንጋጋው፣ ከመንጋጋው ወደ አንገቱ ይፈስሳል። ይህ ሁሉ አንድ ቅርጽ ነው፤ በካርታ ላይ እንዳለ የባሕር ዳርቻ አንድ ዳር አለው። ያንን ዳር በቀላል መስመር ይከተሉትና ውስጡን በከሰሉ ጎን፣ በአንድ ወጥ ግራጫ ይሙሉት። ዓይን የለም፤ የዓይን ጉድጓድ ጨለማ ብቻ ነው ያለው። አፍም የለም፤ የላይኛው ከንፈር ጥላና ከታችኛው ከንፈር ሥር ያለችው ትንሽ ጥላ ብቻ ናቸው። ይህን ጨርሰው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱና ይመልከቱ። ሰውየው በዚህ ደረጃ ላይ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ዓይኑን ቢሥሩለትም አይታወቅም፤ በጨርቅ ይምቱትና እንደገና ይጀምሩ። ልል ከሰል ስለያዙ የሚባክነው ሁለት ደቂቃ ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቅበታል። ግራጫው ሜዳ ባዶ ይመስለዋልና ውስጡን በጥቃቅን ነገር መሙላት ይጀምራል። የጥላው ውስጥ ጸጥ ማለት አለበት። አገጭ ሥር ከሸሚዙ ተንጸባርቆ የሚመጣ ብርሃን ይኖራል፤ ዓይን ሲያተኩርበት በጣም የደመቀ ይመስላል፤ ጨፈን ብለው ሲያዩት ግን ይጠፋል። ይህ ከሸሚዙ የመጣ ብርሃን በቀጥታ ከበራው ወገን በጣም ከጨለመው ቦታ እንኳ የባሰ ጨለማ ሆኖ መቆየት አለበት። ያን ሕግ የጣሰ ፊት ከቆርቆሮ የተሠራ ይመስላል።

ልኬቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ክንድዎን ክርንዎ ሳይታጠፍ ይዘርጉ፣ አንድ ዓይንዎን ይክደኑ፣ በቀጭን ዘንግ ከአናት እስከ አገጭ ያለውን ይለኩና ከስፋቱ ጋር ያነጻጽሩ። ክንድዎ ከታጠፈ ልኩ በየጊዜው ይለያያል፤ ትርጉምም የለውም። በየትምህርቱ የሚነገሩት ደንቦች፣ ዓይኖች ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መካከል ላይ ናቸው፣ የፊት ስፋት አምስት ዓይን ነው፣ የአፍንጫ ጫፍ በቅንድብና በአገጭ መሃል ነው የሚሉት፣ ለመጠርጠሪያ ይጠቅማሉ። ጀማሪ ዓይኖችን ከልክ በላይ ወደ ላይ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ደንብ ብዙ አናት ያድናል። ነገር ግን ሁሉም ሰው ደንቡን ቢከተል ኖሮ ሁላችንም መንታ እንሆን ነበር። ሲለኩ የሚፈልጉት ይህ ሰው ከደንቡ የት እንደሚወጣ ነው፤ አፍንጫው በግማሽ ጣት ቢረዝም፣ ዓይኖቹ ቢቀራረቡ፣ መልኩ እዚያ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ ደንቡ ራሱ ይለወጣል፤ ዓይኖቻቸው ከመሃሉ በታች ናቸው።

ሞዴሉ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ነውና ይተነፍሳል። አይከተሉት። ሃያ ደቂቃ ከሠሩ በኋላ አንገቱ ሁለት ዲግሪ ቢያዘነብል እርስዎ የወሰኑት ዝንባሌ ወረቀቱ ላይ አለ፤ እሱን ይዘው ይቀጥሉ። ሞዴሉ በመሃሉ ወደ መጀመሪያው አቀማመጥ ይመለሳል፤ ያኔ የሚያስፈልግዎትን ይወስዳሉ፤ ሳይመለስ ሲቀር ልብሱን ወይም ፀጉሩን ይሥሩ። በየ20 ወይም 25 ደቂቃው አምስት ደቂቃ ዕረፍት ለሞዴሉ የሚገባው ነው። ከመነሳቱ በፊት የወንበሩን እግሮችና የጫማዎቹን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ የሚያይበትንም አንድ ነጥብ ግድግዳው ላይ ይምረጡለት። በዕረፍቱ ጊዜ ሥራውን አይንኩ። በመስታወት ገልብጠው ይዩት ወይም ወረቀቱን አዙረው ይመልከቱት፤ ጠማማው ዓይን ራሱ ይጮኻል። አፍን በመጨረሻ ይሥሩ፤ ከፊት ሁሉ ቶሎ የሚለዋወጠው እሱ ነው፤ አገላለጹም የሚኖረው በከንፈሩ መስመር ሳይሆን በሁለቱ ጥጎች ላይ ነው። ፈገግታ አይጠይቁ። ከደቂቃ በኋላ ፊቱ ላይ የሚቀረው ሕመም ነው።

ስለ ማደብዘዣ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ የተጠቀለለውን የወረቀት ማደብዘዣ ለስድስት ወር ቤትዎ ይተዉት። ያልተወሰነውን ጠርዝ ሁሉ ለስላሳ አድርጎ ያስመስላል፤ ፊቱም ጭስ ውስጥ የገባ ይሆናል። ጣትዎንም አይጠቀሙ፤ የጣት ቅባት ከሰሉን ወረቀቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ላጲስ አያነሳውም። በእጅ የሚለወሰው ላጲስ ግን እንደ ሁለተኛ ከሰል ነው። እያሹ አይጥረጉበት፤ በጣትዎ ሹል አድርገውት ወረቀቱን ይንኩና ያንሱ፤ የግንባሩና የአፍንጫው ጫፍ ብርሃን እንዲህ ይወጣል። ላጲስ ከመምጣቱ በፊት ሠዓልያን ይህንኑ በዳቦ ፍርፋሪ ይሠሩት ነበር። የተጨመቀው ከሰል የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ በጣም ለጨለሙት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ለአፍንጫ ቀዳዳ፣ ለላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ ከአንገት ጀርባ ላለው ጨለማ።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ስለማየው ልጨምር። ቆዳው የጠቆረ ሞዴል ሲቀመጥ ሰዎች ፊቱን በሙሉ ቀድመው ያጠቁሩታል፤ ለጥላው የሚሆን ጥቁረት አይተርፋቸውም። አሠራሩ ያው ነው፤ ጥላው ይቀድማል፣ ከዚያ ብርሃን ያረፈበት ወገን ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ይሞላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ፊቱን የሚቀርጸው በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈው የሚያብለጨልጭ ብርሃን ስለሆነ ቅርጹንና ጠርዙን በጥንቃቄ ያጥኑ። መካከለኛ ግራጫ ወረቀትና ነጭ ጠመኔ ለዚህ ይመቻሉ፤ ወረቀቱ ራሱ መካከለኛውን ደረጃ ይይዝልዎታል። ጠመኔውና ከሰሉ ግን አይቀላቀሉ፤ ቀዝቃዛ፣ የሞተ ግራጫ ይወጣቸዋል።

መቼ ማቆም እንዳለብዎት ለማወቅ የሌሎችን ሥራ ማየት ይረዳል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት ከ1907 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የዘይት ቀለም ፖርትሬት ትእዛዞችን በአመዛኙ ትቶ ወደ ከሰል ሲዞር በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊቶችን ሠርቷል፤ ብዙዎቹ ያለቁት ሰውየው አንዴ ተቀምጦ፣ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ፀጉሩ ከጀርባው ጨለማ ጋር የሚዋሃድበትን፣ የጉንጩ ጠርዝ ጭራሽ የማይሠመርበትን ቦታ ይፈልጉ። ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ኬተ ኮልቪትዝ በ1933 እ.ኤ.አ. ራሷን ስትሥል በሠራችው የከሰል ንድፍ ላይ ደግሞ ፊቷና እጇ በጥንቃቄ ተሠርተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክንድ ግን ወዲያና ወዲህ የተወረወረ አንድ ሰፊ የከሰል ጭረት ነው። ክንዱን መሥራት አቅቷት አይመስለኝም።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ቡድንዎ ረጅም አቀማመጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አጫጭር እንዲጨመር ይጠይቁ፤ መጀመሪያ አንድና ሁለት ደቂቃ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ሃያ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዓይን መሥራት ስለማይቻል ዝንባሌንና ጥላን ከመሥራት በቀር ምርጫ የለዎትም። ሞዴል በማይኖርበት ቀን መስታወት አለ፤ ጉድለቱ ዓይኖቹ ሁልጊዜ ማፍጠጣቸው ነው፤ ስለዚህ ሁለት መስታወት አጋጥመው የጎን ፊትዎን ይሥሩ። የሚያነብ ወይም የተኛ የቤተሰብ ሰውም ጥሩ ሞዴል ነው፤ ሲነቃ ግን ይንገሩት። ከሁሉ በላይ የምመክረው የማስታወስ ልምምድን ነው። አንድ ፊት ለአንድ ደቂቃ ይመልከቱ፤ ጀርባዎን ያዙሩና ዝንባሌውንና የጥላውን ቅርጽ ብቻ ይሥሩ፤ ከዚያ ተመልሰው ያመሳክሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ያስተምር የነበረው ኦራስ ለኮክ ደ ቧቦድራን ተማሪዎቹን በዚህ መንገድ ያሠለጥን ነበር፤ ቀራፂው ሮዳንና ሠዓሊው ፋንተን ላቱር በእሱ እጅ ካለፉት መካከል ናቸው። ሕያው ሞዴል ሲሥሉ እንኳ ከሰው ወደ ወረቀት በሚሻገሩባት ቅጽበት የሚሠሩት በትዝታ ነው።

ለልምምድ በተሠራ ወረቀት ላይ ማጽኛ፣ ማለትም ከሰሉ እንዳይረግፍ የሚይዘውን ፈሳሽ፣ መርጨት አያስፈልግም፤ የሚቀመጠውን ግን 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀው፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ በስስ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይርጩት። አንዴ ካጥለቀለቁት ከሰሉ ይፈስሳል፤ በትክክል ቢረጭም ሥራው ጥቂት ይጠቁራል። ብናኙን በአፍዎ እፍ አይበሉት፤ ምራቅ ነጠብጣብ ይተዋል፣ አቧራውም ወደ ሳንባዎ ይገባል። ሰሌዳውን ከኋላው መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ወደ ስልኩ ፎቶ ስመለስ፣ መጀመሪያ የሞዴሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቦታዎችም ጭራሹን ይከለክላሉ። ቢፈቀድ እንኳ ችግሩ አይቀረፍም። የስልኩ ሌንስ ፊቱን እርስዎ ካዩት በተለየ ስፋት ያየዋል፤ እርስዎ ውስጡን ያዩትን ጥላ ያጠቁረዋል ወይም ያፈዝዘዋል። ግማሹ በእርስዎ፣ ግማሹ በስልኩ የታየ ፊት ሁለት ሰው ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ያው አቀማመጥ ካለ ይጠብቁ። ከሌለ በዚያው ምሽት፣ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ፣ ፀጉሩንና ከሰውየው በስተ ጀርባ ያለውን ያስተካክሉ። ፎቶ ማንሳትዎ ካልቀረ ከተቀመጡበት ቦታ፣ በዓይንዎ ከፍታ ያንሱትና ለሸሚዙ አንገትጌ ይጠቀሙበት፤ ፊቱን ግን ሞዴሉ ከተነሳ በኋላ አይንኩት።